ዳታ ዲክሽነሪው ሌላ፣ ዳታቤዙ ሌላ ሲሆን፦ ከምርመራ እስከ ማስተካከያ

ሪፖርት ለማውጣት ተቀምጣችኋል። ዲክሽነሪው "ክብደት" የሚባል ኮለም አለ ይላል። ዳታቤዙ እንዲህ ያለ ኮለም አላውቅም ይላል። ወይም ኮለሙ አለ፣ የሚወጣው ቁጥር ግን ከደረሰኙ ጋር አይገናኝም። እዚህ ጅማ ዳታ ላይ የምንሠራ ሰዎች ተገናኝተን ስናወራ ይህ ችግር ሳይነሳ አይቀርም። ብዙ ሰው የሚወድቀው ችግሩ ከብዶት አይደለም። ምርመራውን ሳይጨርስ ማስተካከል ስለሚጀምር ነው።

ዳታ ዲክሽነሪ የምለው በኤክሴል ወይም በወርድ የተዘጋጀውን ሰነድ ነው። የትኛው ቴብል ምን ኮለም እንዳለው፣ ታይፑ ምን እንደሆነ፣ ትርጉሙ ምን እንደሆነ የሚዘረዝረውን። ኦራክል የሚባለው የዳታቤዝ ሲስተም የራሱን ውስጣዊ ካታሎግ በዚሁ ስም ስለሚጠራው እንዳትምታቱ።

ምሳሌዬ የቡና ግዥ ዳታቤዝ ነው። ገበሬው ቡናውን ያመጣል፣ ይመዘናል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ ማታ መረጃው ኮምፒውተር ላይ ይገባል። የእናንተ የሕክምና ካርድ ወይም የተማሪ መዝገብ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

ዝግጅት

እነዚህ ሳይሟሉ አትጀምሩ።

- ማንበብ ብቻ የሚችል ዩዘር። ምርመራው እስኪያልቅ መጻፍ በሚችል ዩዘር አትግቡ። እጅ ይስታል።
- ተመልሶ የተሞከረ ባክአፕ። "ባክአፕ አለን" መባሉ አይበቃም። ሌላ ማሽን ላይ መልሱት፣ ቴብሎቹንና ረድፎቹን ቁጠሩ።
- የዲክሽነሪው ቅጂዎች በሙሉ። "ፋይናል"፣ "ፋይናል ሁለት"፣ "የመጨረሻው ፋይናል" የሚሉ ፋይሎች ካሉ ሁሉንም ሰብስቡ። የትኛው ትክክል እንደሆነ አሁን አትወስኑ።
- መረጃውን በእጁ የሚያስገባው ሰው ስልክ ቁጥር። ከሁሉም በላይ ይህ ያስፈልጋችኋል።
- "የልዩነት ሺት" የሚባል ባዶ ኤክሴል። ኮለሞቹ፦ ቴብል፣ ኮለም፣ ዲክሽነሪው ምን ይላል፣ ዳታቤዙ ምን ይላል፣ የቱ ትክክል ነው፣ ማን ወሰነ፣ መቼ።

ደረጃ 1፦ የተገናኛችሁት ከትክክለኛው ዳታቤዝ ጋር ነው?

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አራት ቀን ሙሉ ልዩነት ስለቅም ቆይቻለሁ። አምስተኛው ቀን ላይ ነው የተሰጠኝ አድራሻ ለሥልጠና የተዘጋጀ ቅጂ መሆኑን ያወቅኩት። የለቀምኩት ልዩነት ሁሉ እውነት ነበር፣ ግን የሌላ ዳታቤዝ ልዩነት ነው። ከዚያ ወዲህ ይህችን ደረጃ ዘልዬ አላውቅም።

1. የዳታቤዙን ስም ራሱን ዳታቤዙን ጠይቁት። ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤልም እንደ ኦራክል የዳታቤዝ ሲስተሞች ናቸው፤ ፖስትግሬስ ላይ "ከረንት_ዳታቤዝ"፣ ማይኤስኪውኤል ላይ "ዳታቤዝ" የሚባለው ፈንክሽን ይነግራችኋል። የሰርቨሩን አድራሻም አብራችሁ ጻፉ።
2. መረጃ አስገቢው ጋ ደውሉ። ትናንት ካስገባው አንድ የደረሰኝ ቁጥር ይንገራችሁ። ቁጥሩን ፈልጉት። ከሌለ ቅጂ ላይ ናችሁ፣ ቁሙ።
3. ፖስትግሬስ ከሆነ በሌላ ስኪማ (ቴብሎች የሚሰበሰቡበት ክፍል) ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያለው ቴብል መኖሩን እዩ። ስኪማውን ሳትጠሩ ኩዌሪ (ዳታቤዙን መጠየቂያ ትእዛዝ) ስትጽፉ "ሰርች ፓዝ" (ስኪማዎች በተራ የሚፈለጉበት ዝርዝር) ላይ ቀድሞ ያለው ስኪማ ነው የሚመልስላችሁ። አሮጌው ቴብል ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ እውነተኛውን የኮለም ዝርዝር አውጡ

በዓይን አታነጻጽሩ። አርባ ቴብል እያገላበጠ የማይሳሳት ሰው የለም።

ፖስትግሬስም ማይኤስኪውኤልም "ኢንፎርሜሽን ስኪማ" አላቸው። እዚያ ውስጥ "ኮለምስ" ከሚባለው ቪው (እንደ ቴብል የሚነበብ የተቀመጠ ኩዌሪ) ስድስት ነገር አውጡ፦ የቴብል ስም፣ የኮለም ስም፣ የዳታ ታይፕ፣ ርዝመት፣ ባዶ መሆን ይችላል ወይስ አይችልም፣ ነባሪ ዋጋ። ኦራክል ላይ ተመሳሳዩ "ኦል_ታብ_ኮለምስ" ነው። ውጤቱን በሲኤስቪ አስቀምጡ።

አንድ ቴብል ጨርሶ ካልታየ "ተሰርዟል" ብላችሁ አትጻፉ። የፖስትግሬስ ኢንፎርሜሽን ስኪማ የሚያሳየው የገባችሁበት ዩዘር ፈቃድ ያለውን ብቻ ነው። ፈቃድ ከሌላችሁ ቴብሉ እንደሌለ ይቆጠራል። መጀመሪያ የማንበብ ፈቃድ ጠይቁ፣ ከዚያ ድገሙት። ማቴሪያላይዝድ ቪው (ውጤቱ ራሱ የተቀመጠ ቪው) ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ቢኖራችሁም እዚያ አይወጣም። በ"ፒጂ_አትሪቢውት" በኩል ፈልጉት።

ሲኤስቪውን በሁለት ክሊክ አትክፈቱት። ኤክሴል ብዙ ጊዜ የግዕዙን ፊደል ያተራምሰዋል። የደረሰኝና የቀበሌ ኮድ ላይ ከፊት ያለውን ዜሮም ይበላዋል፤ 01 የነበረው 1 ይሆናል። "ዳታ" ከሚለው ሜኑ "ከቴክስት ወይም ሲኤስቪ" ብላችሁ አስገቡ፣ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 አድርጉ፣ የኮድ ኮለሞችን "ቴክስት" በሉ።

ደረጃ 3፦ ዲክሽነሪውን አጽዱ

ዋናውን ፋይል አትንኩ። ኮፒ አድርጉና ኮፒው ላይ ሥሩ።

1. የተዋሃዱ ሴሎችን ፍቱ። የቴብሉ ስም አንዴ ከላይ ተጽፎ ከታች ባዶ የተተወ ከሆነ እያንዳንዱ ረድፍ ላይ ሙሉት።
2. የተደበቁ ረድፎችን ግለጡ። እውነተኛው መልስ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።
3. በስሞች ፊትና ኋላ ያለውን ክፍተት አስወግዱ። "ትሪም" የሚባለው ፎርሙላ ከወርድ ወይም ከድረ ገጽ ተቀድቶ የመጣውን የማይሰበር ክፍተት አያጠፋም። ስሙ አንድ ዓይነት ሆኖ "አይመሳሰልም" ካላችሁ የፊደሎቹን ብዛት "ሌን" በሚባለው ፎርሙላ ቁጠሩ። አንድ ቢበልጥ እሱው ነው። ያንን ክፍተት ኮፒ አድርጋችሁ በ"ሪፕሌስ" አጥፉት።

ደረጃ 4፦ በሁለቱም አቅጣጫ አነጻጽሩ

የቴብልና የኮለም ስም በነጥብ አጣምራችሁ አንድ ቁልፍ ሥሩ። ከዲክሽነሪው ወደ ዳታቤዙ ፈልጉ፣ ከዚያ ከዳታቤዙ ወደ ዲክሽነሪው ፈልጉ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አንድ ፕሮግራመር የሆነ ቀን ጨምሯቸው የሄዱ፣ ማንም ያልመዘገባቸው ኮለሞች የሚገኙት ግን በሁለተኛው ነው።

ሁለቱንም ዝርዝር ዳታቤዝ ውስጥ ካስገባችሁ ፖስትግሬስ ላይ ሁለቱን አጣምሮ ተጓዳኝ የሌለውንም የሚያሳይ አንድ "ፉል ጆይን" ይበቃል። ማይኤስኪውኤል ላይ ፉል ጆይን ስለሌለ ሌፍት ጆይንና ራይት ጆይን በዩኒየን አገናኙ።

የኤክሴል ፍለጋ ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደማይለይም ልብ በሉ። ፖስትግሬስ ላይ ኮለሙ በጥቅስ ምልክት ውስጥ በትልቅ ፊደል ተፈጥሮ ከሆነ ያለ ጥቅስ ስትጠሩት "የለም" ይላችኋል። ኤክሴል "አለ" እያለ ኩዌሪው "የለም" ካለ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

እዚህ ጅማ ላይ በተደጋጋሚ የማየው ደግሞ የቋንቋ ጉዳይ ነው። ዲክሽነሪው "ወረዳ" እና "ቀበሌ" ይላል። ኮለሞቹ ግን በአፋን ኦሮሞ "አና" እና "ገንዳ" ተብለው ተፈጥረዋል። ይህ የጎደለ ኮለም አይደለም። በልዩነት ሺቱ ላይ "የስም ልዩነት ብቻ" ብላችሁ ለዩት። ይዘቱን ከፍታችሁ ሳታዩ ግን አትለዩት።

ደረጃ 5፦ የውሸት ልዩነቶችን አውጡ

አሁን ሺቱ ተጨናንቋል። አትደንግጡ፤ ሲጣራ ይቀላል። እነዚህ ልዩነት ቢመስሉም አይደሉም፦

- ዲክሽነሪው "ቫርቻር"፣ ፖስትግሬስ "ካራክተር ቫሪይንግ"። አንድ ናቸው።
- ዲክሽነሪው "ሲሪያል"፣ ፖስትግሬስ "ኢንቲጀር" ብሎ ነባሪ ዋጋው ላይ "ኔክስትቫል"። አንድ ናቸው።
- ዲክሽነሪው "ቡሊያን"፣ ማይኤስኪውኤል "ታይኒኢንት 1"። ማይኤስኪውኤል ቡሊያንን የሚያስቀምጠው እንዲሁ ነው።
- ዲክሽነሪው "ኢንት 11"፣ አዲሱ ማይኤስኪውኤል "ኢንት" ብቻ። 11 የማሳያ ስፋት እንጂ የመያዝ አቅም አልነበረም።

ርዝመት ላይ ግን አትቸኩሉ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል። ኦራክል ላይ "ቫርቻር2 20" ተብሎ በባይት የተፈጠረ ኮለም የሚይዘው 6 የግዕዝ ፊደል ነው። ዲክሽነሪው "20 ፊደል" ካለ ይህ እውነተኛ ልዩነት ነው። የገበሬው የአባት ስም አይገባም።

ደረጃ 6፦ ይዘቱን ፈትሹ

ብዙ መመሪያ ደረጃ 5 ላይ ይቆማል። ስሙም ታይፑም ገጥሞ ትርጉሙ የማይገጥም ኮለም ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ስህተት መሆኑን የሚነግራችሁ ማንም የለማ። ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉ።

የመለኪያ አሃድ። ዲክሽነሪው "ክብደት፣ ዴሲማል፣ በኪሎ" ይላል። ዳታቤዙም ዴሲማል ነው። ሁሉም ሰላም ይመስላል። አንዱን ረድፍ ከደረሰኙ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ኮምፒውተሩ ላይ 2.5 ይላል። ደረሰኙ ላይ 42.5 ኪሎ። 42.5ን ለ17 አካፍሉ፣ 2.5 ይወጣል። መዛኙ በኪሎ ጽፏል፣ ያስገባው ልጅ ግን በፈረሱላ መዝግቦታል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው።

ይህን የምታገኙት እንዲህ ነው። ትንሹን፣ ትልቁንና አማካዩን በየመሰብሰቢያ ጣቢያውና በየወሩ አውጡ። የሌሎቹ ትልቁ ቁጥር በመቶዎች ሲሆን የአንዱ ጣቢያ ከ20 የማያልፍ ከሆነ እዚያ ሌላ አሃድ አለ። ከእያንዳንዱ ጣቢያ አሥር አሥር ደረሰኝ አስመጡና አመሳክሩ። ወር በወር ያሉትም አይዘለሉ፤ አንዱ ልጅ ሄዶ ሌላው ሲተካ አሃዱ ከመካከል ይለወጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ኮለሙን በሙሉ በ17 አታባዙ። ግማሹ በኪሎ ቢሆንስ? በዚያ ላይ ገንዘብ የተከፈለበት ነገር ነው። ዋናውን ቁጥር ሳትነኩ ከጎኑ "ክብደት በኪሎ" የሚል አዲስ ኮለም ክፈቱ። በጣቢያና በቀን ለይታችሁ የተረጋገጠውን ብቻ እዚያ ሙሉ። ያልተረጋገጠው ባዶ ይቆይ።

ቀን። ዲክሽነሪው "የግዥ ቀን" ብቻ ይላል፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይናገርም። ረድፉ በገባበት ጊዜ ሲስተሙ ራሱ የመዘገበው ሰዓት ካለ ሁለቱን ቀንሱ። ልዩነቱ 7 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ከሆነ የገባው የኢትዮጵያ ቀን ነው። አንድ ወይም ሁለት ቀን ከሆነ የፈረንጆቹ ነው። ሁለቱም ተቀላቅለው ካገኛችሁ በአስገቢው ዩዘር ለዩ።

የኢትዮጵያ ቀን "ዴት" በሚባል ታይፕ ውስጥ ሲገባ ሌላም ጣጣ አለው። ጥቅምት 30 ወር 02 ቀን 30 ሆኖ ይገባል። ጥቅምት ሳይሆን ፌብሩዋሪ መስሎ ስለሚታየው ዳታቤዙ አይቀበለውም። ጳጉሜ ደግሞ 13ኛ ወር ናት። ፖስትግሬስ ስህተት ብሎ ይመልሰዋል። ጥብቅ ሞዱ የተዘጋበት ማይኤስኪውኤል ግን ዝም ብሎ ዜሮ ቀን ያስቀምጣል። ስለዚህ ዜሮ ቀኖችን ቁጠሩ። ጥቅምት 30 ላይ ምንም ግዥ አለመኖሩንም እዩ። አዝመራው በተጧጧፈበት ሰሞን ባዶ ቀን ያጠራጥራል። አስገቢዎቹ ሲስተሙ እምቢ ሲላቸው 28 ወይም 29 ብለው አስገብተው ሊሆን ይችላል። ጠይቋቸው፣ ይነግሯችኋል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል የሚዛን መዝገብ ካያችሁ፣ ያስገባው ሰው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩልን 01:30 ብሎ ጽፎታል ማለት ነው።

የኮድ ዝርዝር። ዲክሽነሪው ሦስት አማራጭ ይዘረዝራል፦ የታጠበ፣ በፀሐይ የደረቀ፣ እሸት። ኮለሙን በ"ግሩፕ ባይ" ስትሰበስቡት ሰባት ይወጣል። "በፀሐይ የደረቀ" እና "በጸሐይ የደረቀ" ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዚህ ላይ "ሀ"፣ "ሐ" እና "ኀ" አሉ፣ "ሰ" እና "ሠ" አሉ፣ "አ" እና "ዐ" አሉ። በላቲን የተጻፉ የወረዳ ስሞችም አይቀሩም። ጎማ አንዱ ጋ በሁለት "ኤም"፣ ሌላው ጋ በአንድ "ኤም" ነው። የተገኘውን ስም በሙሉ በአንድ ኮለም፣ ትክክለኛውን ኮድ በሌላ ኮለም አድርጋችሁ የማዛመጃ ቴብል ሥሩ። በቀጥታ "ሪፕሌስ" አታድርጉ።

ከፊደል ይልቅ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ካገኛችሁ፣ መጀመሪያ በሌላ ፕሮግራም ክፈቱት። እዚያም ጥያቄ ምልክት ከሆነ ኮለሙ ግዕዝ በማይችል ኢንኮዲንግ ላይ ነበር፣ ፊደሉም ጠፍቷል። ኢንኮዲንጉን መቀየር አይመልሰውም። ከወረቀቱ እንደገና ይገባል።

ባዶ። ዲክሽነሪው "ግዴታ" ባለው ኮለም ውስጥ ናሎቹን (ምንም ዋጋ ያልገባባቸውን) ቁጠሩ። ከዚያ ባዶ ጽሑፍ፣ ሰረዝ፣ "የለም"፣ 0 እና 999 ቁጠሩ። ሰው ሲስተሙ ሲያስጨንቀው የሚጽፋቸው እነዚህን ነው።

ደረጃ 7፦ የቱ ትክክል እንደሆነ ይወሰን

እዚህ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። "ዲክሽነሪው የጸደቀ ሰነድ ነው፣ ዳታቤዙ ይታረም" የሚል አለቃ ይኖራል። "የሚሠራው ዳታቤዙ ነው፣ ሰነዱ ይታረም" የሚል ፕሮግራመርም ይኖራል። ሁለቱም በጅምላ ሲናገሩ ተሳስተዋል። ልዩነቱ አንድ በአንድ ነው የሚወሰነው።

ሺቱን ይዛችሁ ሦስት ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፦ መረጃ አስገቢውን፣ ሪፖርቱን የሚጠቀመውን፣ ፕሮግራሙን የሚያውቀውን። ለእያንዳንዱ ረድፍ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። "ይህን ኮለም ዛሬ የሚሞላው ማን ነው?" "ይህን ኮለም ዛሬ የሚያነበው ማን ነው?" የሚሞላውም የሚያነበውም ከሌለ ለጊዜው ተዉት። ስም ጻፉ፣ ቀን ጻፉ፣ አስፈርሙ። መልስ ካልተገኘ "አልተወሰነም" በሉ እንጂ አትገምቱ።

ደረጃ 8፦ አስተካክሉ

ከቀላሉ ጀምሩ። ሰነዱ የሚታረምበትን ሁሉ መጀመሪያ ጨርሱ። ቀጥሎ ዳታቤዙ።

1. አዲስ ባክአፕ ውሰዱ። የዝግጅቱ ባክአፕ አርጅቷል።
2. ለውጡን በሙሉ በስክሪፕት ጻፉ። ማውዝ ጠቅ እያደረጋችሁ አትቀይሩ። መመለሻ ስክሪፕትም አብራችሁ ጻፉ።
3. ቅጂ ላይ አስኪዱት፣ ሪፖርቶቹን ሁሉ ክፈቱ።
4. ዋናው ላይ ማንም በማይሠራበት ሰዓት አስኪዱት። ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ካልሆነ አትጀምሩ።

ሁለት ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፖስትግሬስ ላይ የቴብልና የኮለም ለውጥን በትራንዛክሽን (አብረው በሚጸኑ ወይም አብረው በሚሻሩ ትእዛዞች) ውስጥ አስገብታችሁ "ሮልባክ" ማድረግ፣ ማለትም ወደ ነበረበት መመለስ ትችላላችሁ። ማይኤስኪውኤልና ኦራክል ላይ ግን ትእዛዙ እንደሄደ ይጸናል፣ ሮልባክ አይመልሰውም።

ሌላው፣ ማይኤስኪውኤል ላይ የኮለም ማብራሪያ ብቻ ለመጨመር "ሞዲፋይ" ስትሉ የኮለሙን ሙሉ ትርጉም መድገም አለባችሁ። "ናል አይሆንም" የሚለውን ወይም ነባሪ ዋጋውን ከዘለላችሁ ይጠፋል። ማብራሪያ ለመጻፍ ገብታችሁ አዲስ ልዩነት ፈጥራችሁ ትወጣላችሁ።

ደረጃ 9፦ መሀል ላይ እምቢ ሲል

"ኮለሙን ቪው ይጠቀምበታል" ካለ (ፖስትግሬስ ላይ ታይፕ ስትቀይሩ)፦ የቪውን ትርጉም ገልብጣችሁ አስቀምጡ፣ በቪው ላይ ለማን ምን ፈቃድ እንደተሰጠ ጻፉ፣ ቪውን አጥፉ፣ ታይፑን ቀይሩ፣ ቪውን መልሱ፣ ፈቃዱን መልሱ። ፈቃዱን ከረሳችሁት በማግስቱ ሪፖርት የሚያወጣው ሰው "ሲስተሙ ተበላሸ" ብሎ ይደውላል።

"ናል አለ" ብሎ ግዴታውን አልቀበልም ካለ፦ ናሎቹን በ0 አትሙሉ። ረድፎቹን አውጥታችሁ ከደረሰኙ አስሞሉ፣ እስከዚያ ግዴታውን አቆዩት።

የወረዳ ኮዱ ፎሪን ኪ (በወረዳዎች ቴብል ውስጥ ያለ ኮድ ብቻ እንዲገባ የሚያስገድድ ማያያዣ) አልሆንም ካለ፦ በሌፍት ጆይን ወላጅ ያጡትን፣ ማለትም በወረዳዎቹ ቴብል ውስጥ የሌሉትን ኮዶች አውጡ። አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ዜሮ የጎደላቸው ናቸው።

ሁሉም ሄዶ መረጃ ማስገቢያው ፎርም ስህተት ካሳየ፦ የኮለም ስም ቀይራችሁ ይሆናል። ፖስትግሬስ ቪዎችን ራሱ ያስተካክላል፣ የፕሮግራሙን ኮድ ግን አያውቅም። መመለሻ ስክሪፕቱን አስኪዱ፣ ፎርሙ መሥራቱን እዩ፣ ፕሮግራመሩ ኮዱን እስኪያስተካክል ጠብቁ።

ሲያልቅ ደረጃ 2ን እና ደረጃ 4ን ድገሙ። ሺቱ ላይ የሚቀሩት "አልተወሰነም" የተባሉት ብቻ መሆን አለባቸው። ጠዋት ሚዛኑ ሥራ ሲጀምር መረጃ አስገቢው አጠገብ ተቀመጡ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደረሰኞች ሲያስገባ እዩ፣ ወዲያው ዳታቤዙ ውስጥ አውጥታችሁ ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ።